አዲስ የተተከለን የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ከውሃ መስመር ጋር ማገናኘት

መቀመጫው ወለሉ ላይ ከታሰረ፣ የፍሳሽ መውጫው ከቆሻሻ መስመሩ ጋር ከተጣጣመና ታንኩ በቦታው ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከግድግዳው የሚወጣውን ንጹሕ ውሃ ወደ ታንኩ ማድረስ ነው። ይህ ክፍል ከተከላው ሁሉ አጭሩ ነው፤ ዕቃው ከተሟላና ልኩ ከተጣጣመ ግማሽ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ሆኖም ግማሽ ሜትር የማትሞላው ይህች መስመር ሌሊትና ቀን ሙሉ ግፊት ተሸክማ የምትኖር በመሆኗ፣ በችኮላ ከተሠራች ጉዳቷ ከርዝመቷ ጋር አይመጣጠንም።

ሥራው ከጉልበት ይልቅ ማስተዋል የሚፈልግበት ምክንያት በመስመሩ ላይ ሁለት የተለያዩ የመጋጠሚያ ዓይነቶች መኖራቸው ነው። አንደኛው ውሃን የሚያግደው በጥርሱ ላይ በሚጠመጠመው ቴፍሎን፣ ማለትም በቀጭኑ የማሸጊያ ጥብጣብ፣ ነው፤ ሌላኛው ደግሞ በዳዶው፣ ማለትም እየዞረ በሚያጠብቀው ማሰሪያ፣ ውስጥ ተቀምጦ በሚታመቀው የጎማ ቀለበት፣ የቧንቧ ባለሙያዎች ጎሚኒ በሚሉት፣ ነው። የመጀመሪያው በመፍቻ ጠበቅ ተደርጎ መታሰር ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ግን ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ ይጎዳዋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመነጩት ሁለቱን ከማደባለቅ ይመስለኛል፤ ጎሚኒ ባለበት ቦታ ቴፍሎን ይጠመጠማል፣ በእጅ ብቻ መታሰር ያለበት የፕላስቲክ ዳዶ በመፍቻ ይጠመዘዛል፣ ከዚያም ውሃ ሲያንጠባጥብ መፍትሔው ይበልጥ ማጥበቅ ይመስላል።

መስመሩ እና ክፍሎቹ

ውሃው ከግድግዳው ቧንቧ ይነሣና በመጀመሪያ ወደ መዝጊያ ቫልቭ ይገባል። ይህ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ውሃውን ከግድግዳው ተቀብሎ አቅጣጫውን በዘጠና ዲግሪ ወደ ላይ ስለሚያዞረው አንግል ቫልቭ ይባላል። ጥቅሙ ታንኩ ሲበላሽ የቤቱን ውሃ በሙሉ ሳይዘጉ መቀመጫውን ብቻ ለይቶ መጠገን ማስቻሉ ነው። ከአንግል ቫልቩ ቀጥሎ ፍሌክሲብል የሚባለው ተጣጣፊ ቱቦ ይመጣል፤ የእሱ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከታንኩ ሥር ወደ ውጭ ብቅ ካለው ባለጥርስ እግር ጋር ይገናኛል። ያ እግር በታንኩ ውስጥ ቆሞ የሚታየው ውሃ አስገቢ ቫልቭ የታችኛው ክፍል ነው። አንዳንድ ታንኮች የውሃ መግቢያቸው በጎናቸው ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚደበቁት ታንኮችም የራሳቸው መዝጊያ በውስጣቸው አላቸው። የአገጣጠሙ መርሕ ግን አይለወጥም።

ፍሌክሲብሎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ከውስጥ ከጎማ የተሠራ ሆኖ ከውጭ በማይዝግ ብረት ሽቦ የተጎነጎነ ነው። ግፊቱን የሚሸከመው የሽቦው ጉንጉን እንጂ ጎማው አይደለም፤ ስለዚህ ጉንጉኑ የላላ፣ የተበጣጠሰ ወይም የሽቦ ጫፍ ያወጣ ቱቦ አዲስ ቢሆንም እንኳን አይገጠምም። ከአሮጌው መቀመጫ የተፈታውን ፍሌክሲብል ለአዲሱ መልሶ መጠቀምም አይመከርም። የጎማው ዕድሜ ከውጭ ሲታይ አይታወቅም፤ ጎሚኒውም ለዓመታት ታምቆ የቆየበትን ቅርጽ ስለያዘ በአዲሱ እግር ላይ በትክክል አይገጥምም።

ልክን አስቀድሞ ማወቅ

ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ እነሱም የግድግዳው መውጫ ጥርስ፣ የታንኩ እግር ጥርስና በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ናቸው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ። ግማሽ ኢንች የሚባለው የቧንቧ ጥርስ በሜትር ሲለካ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር፣ አይደለም፤ የወንዴው (በውጭ በኩል የተቀረጸው) ጥርስ ውጫዊ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ጥርስም እንዲሁ ወደ 16.7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስያሜው የመጣው ከጥንቱ የብረት ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ ስፋት ነውና፣ የጥርሱን ውጫዊ ስፋት ለክቶ ያንኑ ቁጥር ለሻጭ መንገር የተሳሳተ ዕቃ ያስገዛል።

በብዙ የዓለም ክፍሎች የግድግዳው መውጫም የታንኩም እግር የብሪታንያ መለኪያን የተከተለ የግማሽ ኢንች ጥርስ አላቸው፤ አንዳንድ የአውሮፓ ታንኮች ግን እግራቸው የሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ የታንኩ ጫፍ ዳዶ የሰባት ስምንተኛ ኢንች ሲሆን የቫልቩ ጫፍ በአብዛኛው የሦስት ስምንተኛ ኢንች መጭመቂያ መጋጠሚያ ነው። የብሪታንያውና የአሜሪካው የግማሽ ኢንች ጥርሶች ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ስላላቸው ሲጀመር የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የጥርሳቸው ማዕዘን አንዱ 55 ሌላው 60 ዲግሪ በመሆኑና የአሜሪካው እየሾጠጠ የሚሄድ በመሆኑ አብረው በአስተማማኝ ሁኔታ አይዘጉም። ጥርጣሬ ካለ ከሁሉ የሚሻለው የታንኩን ዳዶና አሮጌውን ቫልቭ ይዞ ሄዶ ሻጩ ፊት በእጅ አጋጥሞ መሞከር ነው። የሚስማማ ጥርስ ሦስት አራት ዙር ያህል በጣት ብቻ ያለምንም ትግል መግባት አለበት።

ርቀቱ የሚለካው ከቫልቩ መውጫ ጫፍ እስከ ታንኩ እግር ነው። ፍሌክሲብሉ ከዚያ ርቀት በመጠኑ ረዘም ብሎ ለስለስ ያለ ቅስት እየሠራ እንዲሄድ ሆኖ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አጭር ሆኖ የተወጠረ ቱቦ ሁልጊዜ ጎሚኒውን ወደ አንድ ጎን ስለሚስበው ማንጠባጠቡ አይቀርም፤ በጣም ረጅም የሆነውም ተጠማዝዞ ይታጠፍና የውሃውን መንገድ ያጠባል። አጭር ሆኖ ሲገኝ ሁለት ፍሌክሲብሎችን መቀጣጠል ተጨማሪ የማፍሰሻ ቦታ መፍጠር ስለሆነ ትክክለኛውን ርዝመት መግዛት ይሻላል።

ከዚህ ውጭ የሚያስፈልጉት ተስተካካይ መፍቻ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ ባልዲ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ሶፍትና የእጅ ባትሪ ናቸው። የታንኩ ሥር ጨለማ ነውና የእጅ ባትሪውን እንደ ትርፍ ዕቃ መቁጠር አይገባም።

ቫልቩን ከግድግዳው ጋር ማሰር

አስቀድሞ የቤቱ ዋና ውሃ ይዘጋል፤ ከዚያም በቤቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚገኝ አንድ ቧንቧ ተከፍቶ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ እንዲወጣ ይደረጋል። በጣራ ወይም በከፍታ ላይ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ካለ የእሱም መውጫ መዘጋት አለበት፤ ዋናውን መስመር ዘግቶ ማጠራቀሚያውን መርሳት በሥራው መሐል የሚያጥለቀልቅ ስሕተት ነው። ከግድግዳው ላይ ጊዜያዊ መድፈኛ ካለ ይፈታል፤ በሴቴው (በውስጥ በኩል በተቀረጸው) ጥርስ ውስጥ የቀረ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የቀለም ቅሪት ወይም የአሮጌ ቴፍሎን ቁራጭ በጥርስ ብሩሽና በጨርቅ በደንብ ይጸዳል።

በዚህ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን የግድ ነው። አንግል ቫልቩን ወደ ግድግዳው የሚገባው ጥርስ ወደ ሠሪው እንዲመለከት አድርጎ በመያዝ፣ ቴፍሎኑን የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በትንሹ እየወጠሩ ይጠመጥሟል። በተቃራኒው አቅጣጫ የተጠመጠመ ቴፍሎን ቫልቩ ሲገባ እየተተረተረ ከጥርሱ ይወጣል። የቴፍሎን ውፍረትና የጥርስ ልልነት ስለሚለያይ ለዙሩ ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ በተለመደው ቀጭን ነጭ ቴፍሎን ከ5 ዙር ይጀመራል፣ ጥርሱ ልል ሆኖ ከተገኘ እስከ 10 ዙር ይደርሳል። የጥርሱ የመጀመሪያ ጫፍ ግን ባዶውን መተው አለበት፤ ጫፉን ያለፈ ቴፍሎን በውሃው ተቆርጦ ወደ ታንኩ ይሄድና የውሃ አስገቢውን ቀዳዳ ይዘጋል። በግድግዳው ውስጥ ያለው መውጫ ከፕላስቲክ ብቻ የተሠራ ሴቴ ጥርስ ከሆነ ቴፍሎን ማብዛት አደገኛ ነው፤ የወፈረው ጥርስ ፕላስቲኩን ከውስጥ እየገፋ ሊሰነጥቀው ይችላል። የፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመሮች በአብዛኛው ውስጡ ነሐስ የሆነ መውጫ ስላላቸው ይህ ሥጋት ያንሳቸዋል፤ ይሁን እንጂ በእነሱም ላይ ያለልክ መጠምዘዝ ነሐሱን ከፕላስቲኩ ሊያላቅቀው ይችላል።

የግድግዳውን ቀዳዳ የሚሸፍነው ክብ ክዳን ቫልቩ ከመግባቱ በፊት በጥርሱ ላይ መግባት አለበት፤ በኋላ ማስገቢያ መንገድ የለም። ቫልቩ በእጅ እስኪጠብቅ ከገባ በኋላ በመፍቻ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይጨመርለታል፤ አብረቅራቂ ሽፋኑ እንዳይፋቅም በመፍቻውና በቫልቩ መካከል ጨርቅ ይደረጋል።

አስቸጋሪው ነገር ቫልቩ ሲጠብቅ መውጫው በትክክል ወደ ላይ ማየት ያለበት መሆኑ ነው። ወደ ላይ ከመድረሱ በፊት ጠብቆ ከቆመ በጥንቃቄ ጥቂት መግፋት ይቻላል። አልፎ ከሄደ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይገባም፤ አንዴ የታመቀ ቴፍሎን ወደ ኋላ ሲዞር ይላቀቃል፣ ማፍሰሱም ያኔ ባይታይ በኋላ ይታያል። ትክክለኛው መንገድ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ አሮጌውን ቴፍሎን አጽድቶ፣ የዙሩን ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ጨምሮ እንደገና መጀመር ነው። የሚጨመረው ቴፍሎን ቫልቩ ቀደም ብሎ እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መውጫው የሚቆምበትን አቅጣጫ በዙር ብዛት ማስተካከል ይቻላል።

በግድግዳው ላይ ጥርስ ሳይሆን የመዳብ ቧንቧ ብቻ ካለ፣ ቫልቩ በመጭመቂያ ቀለበት ይታሰራል። ቧንቧው በቧንቧ መቁረጫ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ዳዶውና ቀለበቱ በቅደም ተከተል ይገቡና ዳዶው ቀለበቱን በቧንቧው ላይ እስኪያጣብቀው ድረስ ይጠብቃል። በዚህኛው መጋጠሚያ የሚዘጋው ቀለበቱ ስለሆነ ቴፍሎን በጥርሱ ላይ አያስፈልግም።

መስመሩን ማጠብ

ይህ እርምጃ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። አዲስ መስመር በተሠራበት ወይም ቧንቧ በተቆረጠበት ቤት ውስጥ አሸዋ፣ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ፣ የብረት ዝገትና የቴፍሎን ክር በመስመሩ ውስጥ መኖራቸው አይቀርም። በታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ አስገቢ ቫልቭ የሚዘጋው በትንሽ ጎማ ሽፋን ነው፤ በዚያ ሽፋን ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተቀመጠች ታንኩ ሞልቶም ውሃው መፍሰሱን አያቆምም። አዲስ የተገጠመ ታንክ በመጀመሪያው ቀን ውሃ አላቆም ሲል ዕቃው የፋብሪካ ጉድለት እንዳለበት ከመደምደም በፊት ቆሻሻ መግባቱን መጠርጠር ይገባል።

ስለዚህ ፍሌክሲብሉ በመጀመሪያ ከቫልቩ ጋር ብቻ ይታሰራል፤ ነጻው ጫፍ በባልዲ ውስጥ ገብቶ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል። አንግል ቫልቩ መዘጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ውሃ ይከፈታል፤ ቀጥሎ አንግል ቫልቩ ቀስ እየተባለ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ብዙውን ጊዜ አንድ ባልዲ ይበቃል። መስመሩ አየር ካለበት ቱቦው ሊዘልና ሊረጭ ይችላልና ጫፉን ሳይይዙ መክፈት አይገባም። በዚሁ አጋጣሚ ቫልቩ ከግድግዳው ጋር የተገናኘበት ቦታ በደረቅ ሶፍት ይዳሰሳል፤ ጉድለት ካለ ታንኩ ከመገናኘቱ በፊት ማስተካከል ይቀላል። አንዳንድ አንግል ቫልቮች በውስጣቸው ትንሽ ማጣሪያ አላቸው፤ ከታጠበ በኋላ ውሃው ተዘግቶ ማጣሪያው ወጥቶ ይጸዳል።

ፍሌክሲብሉን ከታንኩ ጋር ማገናኘት

ከሁሉ በፊት ውሃ አስገቢው ቫልቭ ራሱ በታንኩ ላይ በትክክል መታሰሩ ይረጋገጣል። ቫልቩ ከታንኩ ውስጥ ባለው ወፍራም ጎማና ከታንኩ ሥር በሚገኘው ማሰሪያ ዳዶ መካከል ሸክላውን ጨብጦ ይቆማል። ይህ ማሰሪያ ዳዶ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በግማሽ ዙር ያህል ብቻ ይጨመርለታል፤ ሸክላ አይለጠጥምና በኃይል ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ከፋብሪካው ተገጥሞ የመጣ ታንክም ቢሆን በጉዞ ላይ ሊላላ ስለሚችል በእጅ መሞከሩ አይጎዳም።

ቀጥሎ የፍሌክሲብሉ የታንክ ጫፍ ውስጥ ጎሚኒው መኖሩ በዓይን ይታያል። አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ደግሞ ሾጣጣ ነው፤ ሁለቱም ሳይጣመሙ መሐል ላይ መቀመጥ አለባቸው። አንድ ጎሚኒ ይበቃል። ለጥንቃቄ በሚል ሁለት መደረብ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ የሚያመጣው ፍሳሽን ነው። በዚህ ጥርስ ላይ ቴፍሎን አይጠመጠምም። ቴፍሎን የዳዶውን መንገድ ያወፍረዋል፤ ጠብቆ የቆመ የሚመስለው ዳዶ ገና ጎሚኒውን ሳይጫን ሊቀር፣ የፕላስቲክ ዳዶ ከሆነም ከውስጥ ተወጥሮ ከሳምንታት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዳዶው ወደ እግሩ ቀጥ ብሎ ይጠጋና በመጀመሪያ በተቃራኒው፣ በሚፈታበት አቅጣጫ፣ ቀስ ተብሎ ይዞራል። የሁለቱ ጥርሶች መነሻ ሲገናኝ እጅ ላይ ትንሽ መውረድ ይሰማል፤ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይዞራል። የታንኩ እግር በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ በጠማማ የገባ ዳዶ ጥርሱን ቀርጾ ያበላሸዋል፣ ያን ጊዜም የሚቀየረው ዳዶው ሳይሆን ሙሉው ውሃ አስገቢ ቫልቭ ይሆናል። አቅጣጫውም ብዙዎችን ያሳስታል። ዳዶው የሚጠብቀው ከታች ወደ ላይ ለሚያየው ሰው በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው፤ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ለሚያየው ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በጉልበት ተንበርክኮ ከሥር እያዩ መሥራት ይሻላል።

ዳዶው ፕላስቲክ ከሆነ በጣቶች እስከሚቻለው ድረስ ይጠብቅና እዚያው ያበቃል። የብረት ዳዶ ከሆነ በጣት ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር፣ ይጨመርለታል። በሚጠብቅበት ጊዜ በአንድ እጅ ውሃ አስገቢው ቫልቭ በታንኩ ውስጥ ይያዛል፤ ካልተያዘ አብሮ ይዞርና ተንሳፋፊው፣ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ክፍል፣ ከታንኩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ የሥሩም ጎማ ይጣመማል። ፍሌክሲብሉም ከዳዶው ጋር አብሮ መጠምዘዝ የለበትም። የተጠመዘዘ ቱቦ ቀጥ ለማለት ሲታገል ዳዶውን በጊዜ ብዛት ያላላዋል፤ በሽቦው ጉንጉን ላይ ያለው መስመር ጠመዝማዛ ሆኖ ከታየ አንዱን ጫፍ አላልቶ ቱቦውን ማቅናት ያስፈልጋል። የቫልቩ ጫፍም በዚሁ መጠን ይታሰራል፤ እዚያም የሚዘጋው ጎሚኒው ነው።

ውሃውን መክፈትና መፈተሽ

አንግል ቫልቩ በዝግታ ይከፈታል። ባዶ መስመር ውስጥ በድንገት የሚገባ ውሃ አየሩን እየገፋ መስመሩን ይመታል። ታንኩ መሙላት ሲጀምር ሁለቱም የፍሌክሲብል ጫፎች፣ የቫልቩ እጀታ ሥርና የማሰሪያ ዳዶው ዙሪያ በጨርቅ ተጠርገው ሙሉ በሙሉ ይደርቃሉ፤ ከዚያም በሶፍት ይዳሰሳሉ። ጣት የማይለየውን እርጥበት ሶፍት ወዲያው ያሳያል።

ዋናው ፍተሻ ግን ታንኩ ሞልቶ ውሃው ሲቆም ነው። ታንኩ እየሞላ ሳለ ውሃው በነጻ ስለሚያልፍ በፍሌክሲብሉ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፤ ሙሉው ግፊት በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚያርፈው ውሃ አስገቢው ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ታንኩ ሲሞላ ደረቅ የነበረ ዳዶ ከዚያ በኋላ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና በማግስቱ ጠዋት እንደገና ማየት የሚገባው ለዚህ ነው፤ በተለይ ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ የመስመር ግፊት ከፍ የሚልባቸው ቦታዎች ስላሉ የጠዋቱ ፍተሻ ይታመናል። በመጋጠሚያዎቹ ሥር አንድ ቅጠል ሶፍት ዘርግቶ ማደር ቀላል ዘዴ ነው።

ታንኩና ቱቦው በውጭ ሲረጥቡ ሁሉ ፍሳሽ አለ ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ በሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ሲሆን በሸክላውና በቱቦው ላይ ጠል ይፈጠራል። ጠል በቀዝቃዛው ገጽ ላይ በሙሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፍሳሽ ግን ከአንድ ዳዶ ይጀምርና ከዚያ በታች ብቻ ያረጥባል።

በእርግጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዳዶው በስምንተኛ ዙር ያህል ይጠብቃል። ካላቆመ ሁለተኛ ጊዜ ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ውሃው ተዘግቶ፣ ታንኩ ተለቅቆ፣ ዳዶው ይፈታና ጎሚኒው ይመረመራል። የተጣመመ፣ የተቆረጠ ወይም በሥሩ ፍርፋሪ የያዘ ጎሚኒ ይገኛል ማለት ይቻላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል መጋጠሚያ በቀን ወደ 30 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 11,000 ሊትር ውሃ ያባክናል፤ ስለዚህ ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ መተው መፍትሔ አይሆንም።

የውሃውን ከፍታ ማስተካከል

ውሃው በታንኩ ውስጥ በተቀረጸው መስመር ላይ መቆም አለበት። ምልክት ከሌለ ከትርፍ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ አፍ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ በተንሳፋፊው ላይ ባለው ብሎን ወይም መቆንጠጫ ይስተካከላል። ከፍ ካለ ውሃው ሳይሰማ በትርፉ ቱቦ ወደ መቀመጫው ይፈሳል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ መቀመጫውን በአንድ ጊዜ አያጥብም። የዘመኑ መቀመጫዎች ብዙዎቹ ለአንድ እጥበት 6 ሊትር ገደማ የሚጠቀሙ ሆነው ስለተሠሩ፣ ለመቆጠብ በሚል ከዚያ በታች ማውረድ ሁለት ጊዜ ማጠብን ያስከትላል።

ቁመቱ የሚስተካከል ውሃ አስገቢ ቫልቭ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ልክ አለ። በቫልቩ አናት አካባቢ የሚታየው የመጨረሻ የውሃ ወሰን ምልክት ከትርፍ ቱቦው አፍ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የመስመሩ ግፊት በድንገት ቢጠፋ የታንኩ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከላከለው ይህ ርቀት ነው። ከውሃ አስገቢው የምትወጣው ቀጭን ቱቦም በትርፍ ቱቦው አፍ ላይ በመቆንጠጫዋ ትንጠለጠላለች እንጂ ወደ ውስጥ ጠልቃ አትገባም፤ ከጠለቀች ውሃውን ሳታቋርጥ እየሳበች ታፈሳለች።

መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ደርቀው ሳለ ታንኩ በየጊዜው ራሱን የሚሞላ ከሆነ ጥፋቱ ከዚህ መስመር ውጭ ነው። በታንኩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ተደርጎ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ሳይለቀቅ ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ያልዘጋው የታንኩ መልቀቂያ ጎማ ነው።

ታንኩ በጣም ቀስ ብሎ ሲሞላ

መጀመሪያ አንግል ቫልቩ እስከ መጨረሻው መከፈቱና ፍሌክሲብሉ አለመታጠፉ ይታያል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው በማጣሪያው ወይም በውሃ አስገቢው አፍ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ውሃው ከጣራ ማጠራቀሚያ በስበት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ የግፊት ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ስለሆነ፣ ከታንኩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ማጠራቀሚያ ከ0.3 ባር በላይ አይሰጥም። ለእንዲህ ያለ መስመር ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ውሃ አስገቢ ይመረጣል፤ በአንዳንዶቹ እግር ውስጥ ያለችው የፍሰት መቀነሻ ቁራጭም ልትወጣ ትችላለች። በተቃራኒው ግፊቱ ከ5.5 ባር የሚያልፍ ከሆነ በቤቱ መግቢያ ላይ ግፊት መቀነሻ መግጠም ይህን ፍሌክሲብል ብቻ ሳይሆን በቤቱ ያሉትን ሁሉ ያድናል።

ከዚሁ አንግል ቫልቭ በመቀመጫው አጠገብ በእጅ ለሚያዝ መታጠቢያ ሻወር ውሃ መውሰድ የሚፈልግ ሰው በቫልቩና በፍሌክሲብሉ መካከል ባለሦስት አፍ መጋጠሚያ ያስገባል፤ የራሱ መዝጊያ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የሻወሩ ቀጭን ቱቦ ለቋሚ ግፊት የተሠራ ስላልሆነ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ በመዝጊያው መዘጋት አለበት፤ የጣት መቆጣጠሪያውን ብቻ አምኖ መተው አይገባም።

ለወደፊቱ የሚቀረው እንክብካቤ ጥቂት ነው። አንግል ቫልቩ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ውስጡ በኖራ ይያዝና በሚፈለግበት ቀን አይዞርም። በረኪናና አሲድ ያለባቸው ማጽጃዎች የማይዝግ የተባለውንም ሽቦ ስለሚበሉ ወለሉ ሲታጠብ በፍሌክሲብሉ ላይ እንዳይረጩ፣ ከተረጩም በውሃ እንዲታጠቡ ይደረጋል። ብዙ አምራቾች ፍሌክሲብልን ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ሽቦው ዝገት ካሳየ ወይም ቱቦው በአንድ ቦታ ካበጠ ግን ያ ጊዜ ሳይጠበቅ ይቀየራል። የተገጠመበትን ወርና ዓመት በማይለቅ ቀለም ጽፎ በታንኩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ ግምትን ያስቀርለታል።